የጥንት የዓሣ አጥንት ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጥንት ሰዎች ምን ይበሉ ነበር ሲባል ሐሳባችን ቶሎ የሚሮጠው ወደ አደን ነው። ጦር፣ ትልቅ አውሬ፣ እሳት። ዓሣ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። አንዱ ምክንያት የዓሣ አጥንት ትንሽና በቀላሉ የሚሰበር መሆኑ ነው። ሌላው ግን አጥንቱን ስንፈልግና ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች ናቸው።

ከሁሉም የከፋው አፈሩን ሳይነፉ መድፋት ነው። በቁፋሮ ላይ በእጅ የሚለቀመው ዓይን የሚያየው ብቻ ነው። የከብት መንጋጋ ከአፈር ውስጥ ራሱን ያሳያል፤ የሰርዲን አንዷ የአከርካሪ አጥንት ግን ከምስር ፍሬ ታንሳለች። ቀዳዳው ሰፊ በሆነ ወንፊት ቢነፋም ሾልኮ ይሄዳል። 2 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ቀዳዳ ያለው ወንፊት ያስፈልጋል፤ አፈሩም በውሃ እየታጠበ ቢነፋ ይመረጣል። እዚህ ላይ ደጋግሜ የምጨቀጭቀው ያለምክንያት አይደለም። ወንፊቱ ሰፊ ሲሆን የሚገኘው የትልልቅ ዓሦች አጥንት ነውና «እዚህ የነበሩ ሰዎች ትልልቅ ዓሣ በጦር ይወጉ ነበር» እንላለን። ያንኑ አፈር በጠባቡ ስንነፋው የትንንሽ ዓሣ አጥንት መዓት ሊወጣ ይችላል። ትንሽ ዓሣ በብዛት የሚያዘው ደግሞ በመረብ ወይም በወጥመድ ነው። መረብ ክር መፍተል፣ መቋጠር፣ ሲቀደድ መጠገን፣ ብዙ ጊዜም ተባብሮ መጎተት ይጠይቃል። ይህ ሁሉ የሰው ልፋት በወንፊት ቀዳዳ ሾልኮ ከታሪክ ይጠፋል። ስለዚህ የድሮ ቁፋሮ ውጤት ስናነብ የመጀመሪያው ጥያቄ «አፈሩ በምን ተነፋ?» መሆን አለበት።

ሁለተኛው ስህተት «አጥንት አልተገኘም፤ ስለዚህ ዓሣ አልበሉም» ማለት ነው። አሲድ የበዛበት አፈር አጥንትን ይበላል። ሻርክ ደግሞ አጽሙ ለስላሳ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ጥርሱ፣ አንዳንዴም አከርካሪው ነው። በሰሜን እስራኤል ገሼር ቤኖት ያዕቆብ በተባለ ስፍራ የታየው ይገርመኛል። 780 ሺህ ዓመት ገደማ ባስቆጠረ የአፈር ንብርብር ውስጥ የካርፕ ቤተሰብ ዓሦች የጉሮሮ ጥርስ በብዛት ተገኘ። አጥንታቸው ግን የለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች የጥርሱን ክሪስታል (ጥርሱ የተሠራበትን ጥቃቅን ማዕድን) መርምረው ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሆነ መጠነኛ ሙቀት እንዳገኘው አዩ። በቀጥታ እሳት ውስጥ የተጣለ ከዚያ በላይ ይግል ነበር። ዓሣው የበሰለ ነበር ያሉት በዚህ ነው። የበሰለ አጥንት ይለሰልሳል፤ ቶሎም ይበሰብሳል። አጥንቱ የጠፋው ምናልባት ዓሣው በስሎ ስለተበላ ነው!

የዚህ ተቃራኒም አለ፤ የተገኘን የዓሣ አጥንት ሁሉ የሰው ምግብ አድርጎ መውሰድ። ዓሣ የሚበሉ ወፎችም አጥንት ይተፋሉ። ሐይቅ ሲደርቅ ዓሣ በጅምላ ያልቃል። አጽሙ ከራስ እስከ ጅራት እንደተያያዘ ከተገኘ የሰው እጅ ላይነካው ይችላል። የስለት ምልክት፣ የመቃጠል ምልክት፣ ለምድጃ መቅረቡ ይታይ። በኬንያ፣ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ፣ 1.95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ ስፍራ ከኤሊና ከአዞ አጥንት ጋር በዓሣ አጥንት ላይም የድንጋይ ስለት ምልክት ተገኝቷል። ምልክቱ ባይኖር ኖሮ ውሃ ያመጣው ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ቆጠራ ላይም መጠንቀቅ ያሻል። ኮድ የሚባለው የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ አንዱ ብቻውን ወደ 50 የሚጠጋ የአከርካሪ አጥንት አለው፤ 50 የአከርካሪ አጥንት ማለት 50 ዓሣ አይደለም። የአምባዛ የራስ ቅል ደግሞ ጠንካራና ሻካራ ነው፤ ተሰባብሮም ይለያል። ከሌላው በላይ የተበላ የሚመስለው ከሌላው በላይ ስለተረፈ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የትኛው የአካል ክፍል እንደተገኘ ማየት ነው። በሰሜን ኖርዌይ፣ በሎፎተን ደሴቶች ኮድ ራሱ ተቆርጦ በብርድና በነፋስ ይደርቃል። ድሮ ራሱ እዚያው ይቀር፣ ገላው ለንግድ ይሄድ ነበር። ስለዚህ የራስ አጥንት የበዛበት ቦታ ዓሣ የሚዘጋጅበት ሊሆን ይችላል። አከርካሪና ከስንጥቡ ጀርባ ያለው አጥንት ብቻ የሚገኝበት ደግሞ ደረቁን ዓሣ የሚቀበል ገበያ ሊሆን ይችላል። ዓሣው ከየት እንደመጣ ሲያጠራጥር ዲኤንኤ ያግዛል። በሰሜን ጀርመን በቫይኪንጎች ዘመን ከነበረችው የሀይታቡ ከተማ የተገኘ፣ እ.ኤ.አ. ከ800 እስከ 1066 ባለው ጊዜ ውስጥ የሚወድቅ የኮድ አጥንት ተመርምሮ ከአርክቲክ ባሕር የመጣ ዓሣ ሆኖ ተገኝቷል። ከተማዋ በባልቲክ ባሕር አጠገብ ስለሆነች ዓሣው ከዚያው የተያዘ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር።

ዓሣ ዓመቱን ሙሉ ይያዝ ነበር ብሎ መገመትም ያሳስታል። የዓሣ የጆሮ ድንጋይ (በጆሮው ውስጥ ያለ ድንጋይ መሰል ቅንጣት) እንደ ዛፍ ግንድ የዕድገት ቀለበት አለው፤ የመጨረሻው ቀለበት ዓሣው በየትኛው ወቅት እንደሞተ ይጠቁማል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሽንፋ መተማ 1 በተባለውና 74 ሺህ ዓመት ገደማ ባስቆጠረው ስፍራ፣ ሰዎቹ በበጋ ወንዙ ሲቆራረጥ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ ይይዙ እንደነበር ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ኩሬው እየጠበበ ሲሄድ ዓሣውን ማግኘት ይቀላል።

የመጨረሻው የሚመለከተው የሰውን አጽም ነው። የባሕር ውሃ አሮጌ ካርቦን ይይዛል። የባሕር ዓሣ አዘውትሮ የበላ ሰው አጥንት በራዲዮካርቦን (በካርቦን ዕድሜን በሚለካው ዘዴ) ሲለካ ከእውነተኛ ዕድሜው በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት አርጅቶ ሊወጣ ይችላል። በአንዳንድ ሐይቆችና ወንዞችም ይኸው ይገጥማል። ለዚህ ነው ሟቹ ምን ያህል ዓሣ ይበላ እንደነበር ለመገመት በአጥንቱ ውስጥ ያለው የካርቦንና የናይትሮጅን አይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ ዓይነቶች) አብሮ የሚለካው። ከዚያው መቃብር ዓሣ የማይበላ የሣር በል እንስሳ አጥንት ከተገኘም ሁለቱ ዕድሜዎች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ልዩነታቸው የሰውየው ዕድሜ ምን ያህል አርጅቶ እንደወጣ ይጠቁማል።