የስፌት ማኅበር ከመግባታችሁ በፊት፦ እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች አትድገሙ

ደብረ ማርቆስ፣ ከቤቴ ሦስት ግቢ አልፎ፣ አንድ ትልቅ ወይራ አለ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ሥሩ ቁርበት ይነጠፋል። መሶብና ሙዳይ የምንሰፋበት ሣር፣ አክርማው፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ወሬው ይደራል። እኔ የጧት ፈረቃ አስተማሪ ነኝ፤ ከሰዓት ነፃ ስለሆንኩ ተቀላቀልኩ። አሁን አራተኛ ዓመቴ ነው። በመሀል አንዴ አኩርፌ ወጥቼ ነበር፤ እሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅም እንዲህ ዓይነት ማኅበር ውስጥ ናት። የእነሱ ሥራ ጨርቅ ቆራርጦ፣ ገጣጥሞ፣ መሀሉ ላይ ጥጥ አስገብቶ ብርድ ልብስ መስፋት ነው። ኩዊልት ይሉታል። ፎቶውን ሁላችንም እትዬ ለምንላቸው ለማኅበሩ ታላቅ አሳየኋቸው። "ድሪቶ ነዋ!" አሉ። ደግመው አዩትና "እጇ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ይባርካት" ብለው መለሱልኝ። ልጅቱ ስትደውል የምታማርረው ግን እኛ የምናማርረውን ነው፦ መዋጮው፣ ሐሜቱ፣ ደንብ አብዢዋ ሴትዮ።

ሰሞኑን ሁለት ጓደኞቼ "ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?" ብለው ስለጠየቁኝ ነው ይህን የምጽፈው።

"ማኅበር" ሲባል አንድ ዓይነት ብቻ የሚመስላችሁ ከሆነ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የስፌት ማኅበር ተብሎ የሚጠራው ነገር ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው ቡናና ጨዋታ ነው። ስፌቱ እጅ ሥራ እንዳይፈታ ያህል ነው። ገንዘብ የለውም፣ ጣጣም የለውም።

ሁለተኛው እቁብ ያለበት ነው። በየሳምንቱ ትጥላላችሁ፣ ዕቃ በጋራ ይገዛል። ይሄ ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ አክርማና ስንደዶ ከገጠር በብዛት ይገባል፤ ያኔ በጋራ ገዝቶ አድርቆ ማስቀመጥና በኋላ አንድ አንድ እስር እየገዙ መሥራት በዋጋ ሰማይና ምድር ነው።

ሦስተኛው በኅብረት ሥራ ተመዝግቦ የሚሠራው ነው። ዕጣ፣ ማለትም የማኅበሩን ድርሻ፣ ትገዛላችሁ፣ መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ሒሳቡ ይመረመራል፣ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል። አንድ ዕጣ ያላትም አሥር ያላትም ድምፅዋ አንድ ነው። ጥሩ ነገር ነው። ግን ስብሰባ አለው፤ ስብሰባው ደግሞ ቃለ ጉባኤ አለው።

ባሕር ዳር ያለችው ጓደኛዬ ሐይቁ ዳር ለሚመጣው እንግዳ ሙዳይ እየሸጡ የሚጫወቱ መስሏት ሦስተኛው ውስጥ ገባች። አሁን ጸሐፊ ናት። ወስፌ ከጨበጠች ስንት ጊዜዋ! ፍኖተ ሰላም ያለችው ደግሞ ገቢ አገኛለሁ ብላ የመጀመሪያው ውስጥ ገባች። ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ሙዳይ እና የሰፈሩን ሰው ሁሉ ታሪክ ይዛ ወጣች። ሁለቱም ማኅበሮች ምንም አላጠፉም። ስትሄዱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ "ባለፈው ዓመት ስንት ሸጣችሁ፣ ገንዘቡስ ማን ጋ ነው?" ከሳቁ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ደብተር ካወጡ ሌላ ነው።

ሳይቀመጡ መክፈል

ሁለት ሦስት ጊዜ የራሳችሁን ሥራ ይዛችሁ ሂዱና አብራችሁ ቁጭ በሉ። ከዚያ ክፈሉ። "ቅድሚያ መመዝገቢያ" የሚል ማኅበር ካጋጠማችሁ ደግሞ ቡናውን ጠጥታችሁ ተመለሱ።

የሚያምረውን ሥራ ይዞ መሄድ

እኔ መጀመሪያ ቀን የወሰድኩት የተዋጣልኝን ሙዳይ ነበር። "ውይ ሲያምር!" ተባልኩ። ደስ አለኝ። ምንም ሳልማር ወደ ቤቴ ገባሁ።

በሦስተኛው ወር ሰፌድ ጀመርኩ። ሰፌዱ እንቢ አለኝ። ዙር በጨመርኩ ቁጥር ጠርዙ ወደ ላይ እየተነሣ ሄደ። አፍሬ በር ኋላ ደበቅኩትና ሁለት ሐሙስ ቀረሁ። እትዬ ምን ነካት ብለው ቤቴ መጡ፤ ገና ከመግባታቸው አዩት።

"አንች፣ ይኸ ሰፌድ ነው ሳህን?"

ገለበጡት። አውራ ጣታቸውን ከመሀሉ አስነሥተው ዙር በዙር ዳሰሱት። ሰባተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። "እዚህ ላይ ስትደርሽ ተናደሽ ነበር?"

ምን እንደነበርኩ አላስታውስም፤ የፈተና ወረቀት የማርምበት ሳምንት ስለነበር ሳልናደድ አልቀርም። ከሰባተኛው ዙር ጀምሮ አክርማውን ከልክ በላይ ስቤዋለሁ። ዙሩ ሲጠብቅ ይሰበሰባል፣ ሲሰበሰብ ጠርዙ መሄጃ ያጣና ሽቅብ ይነሣል። በጣም ካላላችሁት ደግሞ እንደ ቀሚስ ጫፍ ይወዛወዛል። እትዬ በወስፌያቸው ጫፍ አሥራ አንድ ዙር ፈቱብኝ። የሦስት ሳምንት ማታዬ ቡናው ሳይፈላ አለቀ። ከዚያ እጄን ያዙና "ሲገባ ሳቢው፣ ሲቀመጥ ልቀቂው" አሉኝ። እስከ ዛሬ ስሰፋ ይሄው ነው ጆሮዬ ላይ ያለው።

ማኅበር ከገባችሁ የምታገኙት ትልቁ ነገር ይሄ ነው ባይ ነኝ። ዩቲዩብ እንዴት እንደሚሰፋ ያሳያል። ሰባተኛው ዙር ላይ መናደዳችሁን ግን አያውቅም። ስለዚህ የተበላሸውን ይዛችሁ ሂዱ።

ቀን መቁጠሪያ ሳያዩ ቀጠሮ መያዝ

ይሄን ከሌላ አገር የመጣች ሙሽራ ናት መጀመሪያ ያስተዋለችው። "በወር ሠላሳ ቀን አለ አይደል?" አለች። ሁላችንም ሳቅን።

እስኪ ቁጠሩ። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት የሚያከብሩ እናቶች ስምንት ቀን ወስፌ አይነኩም። ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ ባለወልድ በ29 ግዝት ናቸው። ከዚያ እያንዳንዷ የምታከብረው ታቦት አላት፦ አንዷ አቦን፣ አንዷ ሥላሴን፣ አንዷ ኪዳነ ምሕረትን፣ አንዷ ጊዮርጊስን፣ አንዷ መድኃኔዓለምን። ክርስትናው፣ ለቅሶው፣ ተዝካሩ ሳይቆጠር ነው። ሠላሳው ቀን አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ይሆናል። ለቡና ማኅበር ይሄ ችግር አይደለም። ትዕዛዝ ለሚቀበል ማኅበር ግን "በወር እናደርሳለን" ማለት በሁለት ሳምንት እናደርሳለን ማለት ነው።

በቀብድ ላይ ሳይነጋገሩ ትዕዛዝ መቀበል

አሁን ወደ ኩርፊያዬ መጣሁ። አንድ ምግብ ቤት ለጥር ሠርግ እንዲደርስለት አሥራ ሁለት ትንንሽ መሶብ አዘዘን። ቀብድ ሰጠ። ለስድስት ተከፋፈልን፣ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ደረሰን። ደስታው ሌላ ነበር።

ማንም ያላሰበው፣ አለላውን፣ ማለትም ቀለም የሚነከረውን አክርማ፣ እያንዳንዳችን በየቤታችን መንከራችንን ነው። አሥራ ሁለቱ መሶቦች ጎን ለጎን ሲቆሙ ስድስት ዓይነት ቀይ ሆኑ። አንዱ የበርበሬ፣ አንዱ የወይን ጠጅ፣ የእኔው ደግሞ እውነቱን ለመናገር የሸክላ። ቁመቱንም በስንዝር ነበር የለካነው። የማን ስንዝር? የየራሳችን። ባለቤቱ ሰባቱን ወሰደ፣ አምስቱን መለሰ። ከአምስቱ ሁለቱ የእኔ ነበሩ። ቀብዱ ደግሞ በከፊል የአንዷን እቁብ ለመሙላት ወጥቶ ነበር፤ "ለሦስት ቀን ነው" ተብሎ። ኪሳራው የሠራችው ነው ወይስ የሁላችን? ቀድመን አልተነጋገርንም። ተነጋገርንበት፣ ኧረ ጮኽንበት። እኔ ስምንት ወር ቀረሁ።

አሁን ያለው ደንብ ከዚያ ጭቅጭቅ የወጣ ነው። አለላ በአንድ ድስት፣ በአንድ ቀን ይነከራል። ቁመት የሚለካው በአንድ የተቆረጠ ሸምበቆ ነው። መሶብ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሰው ያየዋል፤ እነሱ ካሳለፉት በኋላ ቢመለስ ኪሳራው የማኅበሩ ነው። ቀብድ ለአክርማ፣ ለስንደዶና ለቀለም እንጂ ለሌላ አይነካም። እቁቡ ለብቻው፣ ደብተሩም ለብቻው።

ክፍያው በቁጥር ነው፤ ስንት ሠራሽ፣ ያንኑ ያህል። ብዙዎቹ ማኅበሮች የሚጣሉት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የሚያስተምሩት እናቶች እጃቸው ዘግይቷል። እትዬ በወር አንድ መሶብ ቢጨርሱ ነው። ግን የሁላችንም ሥራ በእሳቸው ጣት ሥር ያልፋል። ስለዚህ ከየመሶቡ ትንሽ ተቆርጦ ለእሳቸው ይሰጣል። መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር። አሁን ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ቡናውን ድግስ ማድረግ

በተራ ነው የምናፈላው። ስንጀምር ቡናና ቆሎ ነበር። ቀጥሎ አንዷ ዳቦ ጨመረች። ሌላዋ እንዳታንስ ጠላ አወጣች። ከዚያ ወጥ መጣ። አንዲት እህታችን ተራዋ በደረሰ ቁጥር "አሞኝ" ማለት ጀመረች፤ ሕመሟ የገባን ዘግይቶ ነው። አሁን ቡናና ቆሎ ብቻ ነው፣ የጨመረች ትቀጣለች። ሐሜቱን ግን ደንብ አላቆመውም። የቀረችው ትታማለች። እኔ መፍትሔ ያደረግሁት አለመቅረት ነው።

ሳይናገሩ መውጣት፣ ደግሞም ወስፌ መዋስ

መውጣት ነውር አይደለም። የልጅ ነገር አለ፣ የሥራ ነገር አለ። ግን ቀን ምረጡና ሐሙስ ሄዳችሁ ተናገሩ፤ የእናንተንና የማኅበሩን ዕቃ ለዩ፣ ያልተከፈላችሁን አስጽፉ። እኔ ዝም ብዬ ነው የቀረሁት።

ወስፌም የየራሳችሁን ያዙ። ጫፉ የሚሳለው በባለቤቱ እጅ ልክ ነው። እኔ ያን ቀን ተናድጄ ዕቃዬን ስሰበስብ፣ የእትዬን ወስፌ፣ እጀታው የቀንድ የሆነውን፣ ከአክርማዬ ጋር ጠቅልዬው ኖሯል። ስምንት ወር ሙሉ ቤቴ ተቀመጠ። አይቼዋለሁ፤ ለመመለስ ግን እግሬ አልሄደም። በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ይዤው ሄድኩና ወይራው ሥር ቆምኩ። ማንም ምንም አላለም። እትዬ ቀና ብለው አዩኝ።

"ወስፌዬን ይዘሽ መጣሽ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"አምጭው። ነይ ተቀመጭ፣ እዚያ ፀሐይ ነው።"