ሞዴል አውሮፕላን ስንቀባ የምንሳሳታቸው ነገሮች (ከአንድ የአዳማ በረንዳ)

የመጀመሪያው ድሪምላይነሬ እንደ ሸክላ ሳህን ያብለጨልጭ ነበር። ጨርሼ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። የእህቴ ልጅ ገባ፣ አየት አደረገውና «አጎቴ፣ ይሄ መጫወቻ የማነው?» አለኝ። ሦስት ሳምንት ለፍቼበታለሁ! ተናደድኩ፤ ግን ልጁ አልተሳሳተም። ቅርጹ ደህና ነው፣ መጋጠሚያውም ደህና ነው። መጫወቻ ያስመሰለው ብልጭልጩ ነው።

ስለ ቀለም ስናወራ የምንጨነቀው ስለ መልኩ ነው። አረንጓዴው ትክክለኛው አረንጓዴ ነው ወይ? ግራጫው አልጠቆረም ወይ? አጨራረሱን ግን ለብልቃጡ እንተወዋለን። ያንጸባርቅ፣ ለዘብ ይበል ወይስ ጭራሽ ብርሃን አይመልስ የሚለውን ማለቴ ነው። እኔን ብዙ ያስከፈለኝ ይሄኛው ነው።

«እውነተኛው ስለሚያብረቀርቅ ሞዴሉም ያብረቅርቅ»

ቦይንግ 787-8 ወደ 57 ሜትር ይረዝማል። በ1/144፣ ማለትም 144 ጊዜ ታንሶ፣ ሲሠራ 39 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። እውነተኛውን የምናየው ከሩቅ ነው፤ መሐል ላይ አየሩና አቧራው ብርሃኑን ያለዝበዋል። ሞዴሉን ግን አፍንጫችን ሥር አድርገን ነው የምናየው። ሙሉ አንጸባራቂ ከቀባነው አምፖሉም፣ መስኮቱም፣ የራሳችን ፊትም ጀርባው ላይ ቁጭ ይላል። ስለዚህ በዚህ መጠን ለመንገደኛ አውሮፕላን ሳቲን፣ ማለትም ከፊል አንጸባራቂ፣ ይበቃዋል። ሞዴሉ ተለቅ ሲል፣ ለምሳሌ 1/48 ሲሆን፣ ብልጭታውን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ተዋጊ ጄት ላይ ደግሞ ተቃራኒውን እንሠራለን። «የጦር አውሮፕላን ማት (ብርሃን የማይመልስ) ነው» ብለን ጠመኔ እስኪመስል እናደርቀዋለን። ጄቶቹ ቢሾፍቱ ላይ ሲያልፉ አንገቱን ቀና አድርጎ ያየ ሰው እንደዚያ ደርቀው አላያቸውም። የመካኒክ እጅና ጫማ የሚያሸው ቆዳ ትንሽ ይወዛል። እኔ ማቱ ላይ ጥቂት ሳቲን እጨምራለሁ።

ውፍረቱንም አስቡት። ተደራርቦ 0.1 ሚሊ ሜትር የደረሰ ቀለም በ144 ሲባዛ 14.4 ሚሊ ሜትር ነው። ይሄ ቀለም ሳይሆን ልስን ነው! አንዱን ወፍራም ከመቀባት ሦስት ስስ መደረብ ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው። ሞዴሉ ላይ የተቀረጹት ቀጫጭን የላሜራ መስመሮች የሚደፈኑት በመጀመሪያው ወፍራም ቅብ ነው።

ዲካልን ማት ላይ መለጠፍ

ዲካል ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚንሸራተተው ቁጥርና ምልክት ነው። ማት ቀለም ለዓይን ለስላሳ ይመስላል እንጂ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጭንጫ መሬት ነው። ዲካሉ ጉብታ ጉብታውን ነክቶ ይቀመጣል፤ ጎድጓዳው ውስጥ አየር ይቀራል። ሲደርቅ ያ አየር እንደ ብር ያበራል።

አንድ ኤፍ-5 ተዋጊ ጄት በ1/72 ሠርቼ ነበር። ካሙፍላጁን በማት ቀለም አሳመርኩ፣ ማታ ቁጭ ብዬ ቁጥሮቹን በሙሉ ለጠፍኩ። ጠዋት መስኮቱ ጋ ወስጄ ሳየው በእያንዳንዱ ቁጥር ዙሪያ አራት ማዕዘን ብልጭታ አለ። ስኮች የተለጠፈበት ይመስላል። በመርፌ ወጋሁ፣ የዲካል ማለስለሻ ፈሳሽ ጠብ አደረግኩበት። ከፊሉ ጠፋ፣ ከፊሉ እስከ ዛሬ አለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ግልጽ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ይቀባል። ዲካሉ እሱ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ለማሸግ ሌላ ስስ አንጸባራቂ። የፈለጋችሁት ማት ወይም ሳቲን የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። አንጸባራቂው ብድር ነው በሉት፤ ሥራው ሲያልቅ ትመልሱታላችሁ።

ብርማ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ማለት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በሲ-47 ወደ ካይሮ ነበር። በዚህ ምክንያት ሲ-47፣ ወይም የሲቪሉ ወንድሙ ዲሲ-3፣ እኛ ዘንድ ይወደዳል። ያልተቀባ አሉሚኒየም የለበሰውን ስንሠራ ብር ስፕሬይ እናነሳና ከአፍንጫ እስከ ጅራት እናርከፈክፋለን። ውጤቱ የቡና ስኳር መያዣ ቆርቆሮ ነው።

ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ የዚህ አውሮፕላን መሪ ክፍሎች፣ ማለትም የጅራቱ ቀጥ ያለው መሪ፣ አግድሞቹና የክንፉ ጫፍ ማዘንበያዎች፣ በጨርቅ የተሸፈኑ ናቸው። ጨርቅ ብር ቢቀባም እንደ ብረት አያንጸባርቅም። እነሱን ከሌላው ለይቶ ፈዛዛ ብርማ መቀባት ሞዴሉን ወዲያው ነፍስ ይዘራበታል። ሁለተኛ፣ የአካሉ ላሜራ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለት ሦስቱን ቁራጭ በማስኪንግ ቴፕ ከልሎ ትንሽ ማጥቆር ወይም ማንጣት በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የዳማ ሰሌዳ ይሆናል።

መስታወት የመሰለ ብረት ለሚፈልግ ምስጢሩ ከሥር ያለው ጥቁር ነው። አንጸባራቂ ጥቁር ይቀባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ የብረቱ ቀለም በጣም ስስ ሆኖ ይነፋበታል። ግን ጥቁሩ ላይ ያለች አንዲት የአቧራ ቅንጣት በብሩ ውስጥ እንደ ብጉር ትታያለች። ይሄ ደግሞ ወደ ነፋሳችን ይወስደናል።

ከሰዓት በኋላ አዳማ ላይ መቀባት

ከከተማው ዳር የተተከሉትን የነፋስ ተርባይኖች ያየ ሰው ምክር አያስፈልገውም። 136 ናቸው፤ ማንም በከንቱ አልተከላቸውም። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ኤርብራሽ፣ ማለትም ቀለም በአየር ግፊት የሚነፋውን መሣሪያ፣ መክፈት ማለት አቧራን በክብር መጋበዝ ነው። በዚያ ላይ ፕላስቲክ ሲያሹት ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ ብናኙን ራሱ ይጠራዋል።

ሙቀቱ ሌላ ችግር አለው። አክሪሊክ (ውሃ ነክ) ቀለም ከኤርብራሹ ወጥቶ ሞዴሉ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቃል። የሚያርፈው ዱቄት ሆኖ ነው። አንጸባራቂ የቀባችሁት ክንፍ እጅ ሲነካው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ብዙ ሰው ጥፋቱን ለቀለሙ ይሰጣል። ቀለሙ ምንም አላደረገ። ቀጠን አድርጉት፣ መድረቁን የሚያዘገይ ፈሳሽ ጠብ አድርጉበት፣ ግፊቱን 1 ባር ገደማ አውርዱት፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር ብዙም አትራቁ።

እኔ የምቀባው ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ነው። በር ይዘጋል፣ ወለሉ ላይ ውሃ ረጨት ይደረጋል። እናቶቻችን ከመጥረጋቸው በፊት እንደሚያደርጉት ማለት ነው። የቀለሙ ሽታ እንዲወጣ አንዱን መስኮት በስስ ጨርቅ ጋርጄ እከፍተዋለሁ፤ የአፍ መሸፈኛም አደርጋለሁ። የተቀባው ቁራጭ ወዲያው የጫማ ካርቶን ይደፋበታል።

ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ዝናብ ሲመጣ ላከር፣ ማለትም በኃይለኛ ማቅጠኛ የሚቀጥንና ቶሎ የሚደርቅ ቀለም፣ የሚነፋ ሰው ላዩ ላይ ነጭ ጉም ያያል። ማቅጠኛው ቶሎ ሲተን ላዩን ያቀዘቅዘዋል፣ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት እዚያው ጤዛ ይሆናል። እስኪያባራ መጠበቅ ነው። የመጨረሻውን ማት ቫርኒሽ በዝናብ ቀን ነፍተው የወር ሥራ ያነጡ ሰዎች አውቃለሁ። አንዱ እኔ ነኝ።

«ቲነር ያው ቲነር ነው»

ማቅጠኛ አለቀብኝና ሰፈር ያለ ጋራዥ ሄድኩ። መኪና የሚቀቡት ጋሼ ጠርሙሴን ተቀብለው እየሞሉ «ለምንድነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ይሄ ለላሜራ ነው። ፕላስቲክህን ይበላዋል» አሉ። አመስግኜ ወጣሁ፣ ቤት ገብቼ ቀባሁበት። ክንፉ የቀለጠ ሻማ ሆነ።

የናይትሮ ቲነር፣ ያ የመኪና ቀለም ማቅጠኛ፣ የሞዴሉን ፕላስቲክ ያሟሟል። ኢናሜል (ዘይት ነክ ቀለም) ላይ ላከር ሲነፋበትም ከሥር ያለው እንደ ተጨማደደ ቆዳ ይነሳል። ኃይለኛው ከሥር፣ ደካማው ከላይ ይሁን። ላከር መጀመሪያ፣ አክሪሊክ ወይም ኢናሜል በኋላ። የማታውቁትን ፈሳሽ በላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ ሞክሩት፤ አንድ ቀን አሳድሩት። ማንኪያው ርካሽ ነው።

ትንንሾቹ

ማት ቫርኒሽ ሳይናጥ አይቀባም። የሚያደበዝዘው ዱቄት ሥር ይዘቅጣል፤ ላይ ላዩን ብቻ ከቀዳችሁ ማት ያላችሁት ያብረቀርቃል። የጃፓኑን ሞዴል ሠሪ የታሚያን ኤክስ 21 ደግሞ ብቻውን እንደ ቫርኒሽ የሚነፉ አሉ። እሱ ቀለም ውስጥ በጥቂቱ የሚደባለቅ ማደብዘዣ ነው፤ ብቻውን ሲነፋ በረዶ የጣለበት ይመስላል።

አንጸባራቂ ቀለም ከማት ዘግይቶ ይደርቃል። ማስኪንግ ቴፕ ከመለጠፋችሁ በፊት አሽትቱት። አሁንም የሚሸት ከሆነ አልደረቀም፤ የቴፑ መስመር ታትሞበት ይቀራል።

ከመቀባቱ በፊት ክፍሎቹን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ። ከፋብሪካ የመጣ ቅባት አለባቸው፣ የጣታችን ወዝም አለ። ቀለም ቅባት ላይ አይይዝም።

ጎማ ማት ነው። መስታወቱ ግን ምንጊዜም ያንጸባርቃል። ሙሉውን አውሮፕላን በማት ቫርኒሽ ሲነፉ የአብራሪውን መስታወት መሸፈን የሚረሳ አለ፤ በኋላ ሲያየው አብራሪው ጭጋግ ውስጥ ተቀምጧል። እኔ ሽፋኑን ከሁሉም በኋላ ነው የማነሳው፣ በስለት ጫፍ፣ ቀስ ብዬ። የእህቴ ልጅ ካለ እሱ ነው የሚልጠው።