ስትሪመሩ በጎኑ ይዋኛል፦ የክብደት ችግርና መፍትሄው

ስትሪመር ትንሽ አሳ መስሎ ውሃ ውስጥ የሚጎተት፣ ከላባና ከፀጉር የሚታሰር ማጥመጃ ነው። እኛ ሐይቅና አርዲቦ ላይ የምንሞክረው ለአምባዛ ነው። አምባዛ ታች ስለሚውል እርሳስ ወይም ዶቃ እንጨምርበታለን፤ ጣጣውም የሚጀምረው ያኔ ነው። መንጠቆ ሞርሳ ላይ መያዝ፣ ክር ማስጀመርና መቋጨት ታውቃላችሁ ብዬ እጀምራለሁ። ካላወቃችሁ መጀመሪያ ያለ ክብደት አምስት ስድስት እሰሩና ተመለሱ።

በጎኑ ይሄዳል፣ ወይም እንደ እንዝርት ይሽከረከራል

ደሴም ኮምቦልቻም ጀማሪ ይዞልኝ የሚመጣው ይህንኑ ነው። «አያ፣ ይኼ ነገር ተጣሞ ነው የሚሄደው» ይለኛል። ላባውን ይጠረጥራል፣ ስትሪመሩን የሚጎትተውን ናይለን ይጠረጥራል፣ አንዳንዱም ውሃውን። ጥፋቱ ግን ክብደቱ ነው፤ የመንጠቆው ዘንግ ላይ ዞሯል።

ሁለት ራስ ያለውን ክብደት ዳምቤል እንለዋለን። የሚታሰረው በዘንጉ ጀርባ፣ ከመንጠቆው ጫፍ ተቃራኒ በኩል ነው። ከባዱ ወገን ወደ ታች ስለሚሄድ ስትሪመሩ ይገለበጥና ጫፉ ሽቅብ ይሆናል፤ ድንጋይና ሳር አይለቅምም። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ቦብ ክላውዘር ነው፤ ፔንሲልቬንያ ውስጥ በሰስኩዌሃና ወንዝ ባስ የሚባለውን አሳ ሲያጠምድ። ዳምቤሉ ትንሽ ከዞረ ግን ጫፉ ሽቅብም አይሆን ቁልቁልም አይሆን፣ ስትሪመሩ በጎኑ ይተኛል። ጎትቱት፣ ይሽከረከራል፤ ናይለናችሁም እንደ ሹሩባ ይገመዳል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ላባ ከመጨመራችሁ በፊት፣ ሞርሳው ላይ እንዳለ፣ ዳምቤሉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛችሁ ጠምዝዙት። ንቅንቅ ካለ ፍቱት። «ትንሽ ናት፣ ላባው ይይዛታል» አትበሉ። ላባ ምንም አይዝም።

አንድ የሰኞ ገበያ ልጅ በአንድ ሌሊት አሥራ ሁለት አስሮ አመጣልኝ። ውበታቸው ግሩም ነው፤ የነጭ ዶሮ ላባ፣ የጥቁር ፍየል ፀጉር፣ ቀይ ጉሮሮ። ሳፋ ውሃ ሞልተን አንድ በአንድ ጎተትናቸው። አሥራ ሁለቱም ዞሩ። «ወላሂ አጥብቄ ነው የጠመጠምኩት» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አጥብቋል፤ ግን የጠመጠመው በመስቀል ብቻ ነበር። የመስቀል ጥምጥም ክብደቱን ከመውደቅ ያድነዋል እንጂ ከመዞር አያድነውም።

የባሰም አይቻለሁ። ጋራዥ የሚሠራ አንድ የኮምቦልቻ ልጅ በክር መሠቃየት ሰልችቶት ክብደቱን በጋዝ አሙቆ በየደው። አልዞረም፣ እውነት ነው። የመጀመሪያው አምባዛ ሲጎትተው ግን መንጠቆው እንደ ሽቦ ተዘርግቶ ቀጥ አለ። መንጠቆ ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ተስተካክሎ ነው፤ እንደገና እሳት ካሳያችሁት ይለሰልሳል። ብየዳ፣ ክብሪት፣ ላይተር፣ አንዱም መንጠቆ አጠገብ አይድረስ።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ባዶ ዘንግ ላይ ምንም አትሰሩ፤ መንጠቆ የተወለወለ ስለሆነ ክር ያንሸራትታል። ክብደቱ የሚቀመጥበትን ቦታ መጀመሪያ በክር ጥቅጥቅ አድርጋችሁ አልብሱት፤ እዚያው ላይ አንዲት ጠብታ ሱፐር ግሉ አድርጉና ሳይደርቅ ዳምቤሉን አስቀምጡ። አሥር ጊዜ ያህል በመስቀል ጠምጥሙ። ብዙ ሰው የሚዘለው ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ክሩን ከዘንጉ በላይ፣ ከዳምቤሉ በታች፣ ዙሪያውን አግድም አዙሩት፤ ዘንጉን ሳይነካ፣ የመስቀሉን ክሮች ብቻ እየሰበሰበ። ሸክም ከጫናችሁ በኋላ ገመዱን በሌላ ገመድ ወገቡ ላይ እንደምታጠብቁት ማለት ነው። ስድስት ሰባት ዙር ሲሆን መስቀሉ ሲጨማደድ፣ ክብደቱም ሲቆም ታዩታላችሁ። ከዚያ ሌላ ጠብታ። ከዚያ እንደገና ጠምዝዛችሁ ፈትኑ።

ማጣበቂያውን መጨረሻ ላይ ብቻ ማፍሰስ የእኔም የድሮ ጥፋት ነው። ከላይ እንደ መስታወት ይደርቃል፣ ከሥር ክሩ ልቅ ነው። አንድ ጠዋት ሐይቅ ዳር ይህን የተማርኩት ሦስት ስትሪመር ካበላሸሁና ናይለኑን ሁለት ጊዜ ቆርጬ ከጣልኩ በኋላ ነው።

ክሩም ራሱ ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል። ከልብስ ሰፊ የምትለምኑት የጥጥ ክር ሲስቡት ይበጠሳል። ሁለት ጊዜ የተበጠሰበት ጀማሪ ይፈራና ልል አድርጎ ይጠመጥማል። ፖሊስተር ወይም ናይለን ክር ግዙ፤ ሊበጠስ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሳቡት። የት ላይ እንደሚበጠስ ለማወቅ ሆን ብላችሁ አንድ ሁለቴ በጥሱት። ገበያ ላይ አንጸባራቂ ሆኖ እንደ ሸረሪት ድር የሚበጠስ ክር አለ፤ እሱን ለሚሸጥ ሰው የምለው የለኝም፣ ለሚገዛው ግን አለኝ።

ዳምቤል ሳይሆን የእርሳስ ሽቦ ዘንጉ ላይ ከጠመጠማችሁም ነገሩ አንድ ነው። በክር የለበሰ ዘንግ፣ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ዙር ሽቦ፣ ከፊትም ከኋላም ሽቦውን የሚደግፍ የክር ክምር፣ ከላዩ ማጣበቂያ። ክምሩን ከዘለላችሁት ሽቦው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ የምታስሩት ላባም ጫፉ ላይ ጉብ ይልባችኋል።

ስለ እርሳስ አንድ ነገር ልበል፤ ብትሰለቹም ልበል። እርሳስ መርዝ ነው። ሽቦውን በጥርስ አትቁረጡ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ እንጀራ አትንኩ፣ ልጆች ባሉበት ጠረጴዛ ላይ አትሥሩ። የጎማ ባላንስ እርሳስ ለቅሞ ቤት ውስጥ በጣሳ የሚያቀልጥ ሰው አውቃለሁ። ይቅርባችሁ። የጎማው ክብደትም ዛሬ ዚንክ ወይም ብረት ሊሆን ይችላል፤ በቢላ ካልተጫረ እርሳስ አይደለም። ገንዘብ ያለው ተንግስተን ይግዛ፤ በእኩል መጠን ከእርሳስ 1.7 እጥፍ ይከብዳል፣ ስለዚህ ትንሹ ይበቃል። የነሐስ ዶቃ ከእርሳስ ይቀላል፣ ለጥልቅ ውሃ አትመኩበት።

ናይለን የሚገባበት ቀዳዳ ተዘግቷል

ክብደቱን ወደ ፊት አስጠግታችሁታል። ከቀዳዳው ኋላ የቀዳዳውን ሁለት እጥፍ ቦታ ባዶ ተዉ፤ ጭንቅላቱን የምትቋጩት እዚያ ነው። የደረቀ ማጣበቂያ ከሆነ የዘጋው በመርፌ ውጉት። ውሃ ዳር ሆኖ ቀዳዳ በጥርሱ የሚያጸዳ ካያችሁ እርሳስ መርዝ መሆኑን አስታውሱት።

ዶቃው አልገባም ብሏል፣ ወይም ይንኳኳል

የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ቀስ ብላችሁ ደፍጥጡት፤ በኃይል ከጨመቃችሁት ይሰበራል። የዶቃው ጠባብ ቀዳዳ ወደ መንጠቆው ዓይን፣ ማለትም ናይለን ወደሚገባበት ቀዳዳ፣ ሰፊው ወደ ኋላ። የሚንኳኳ ከሆነ ከኋላው ጥቂት ዙር የእርሳስ ሽቦ ጠምጥማችሁ ወደ ሰፊው ቀዳዳ ግፉት።

ጅራቱ መንጠቆው ላይ ይጠመጠማል

ረዝሟል። ለስላሳ ላባ ከሆነ ከዘንጉ ርዝመት አትለፉ። ማራቡ የሚባለው ለስላሳ ላባ ስሙን ያገኘው ከአባ ኮዳ ነው፤ ዛሬ የሚሸጠው ግን የቱርክ ዶሮ ላባ ነው፣ ስለዚህ አባ ኮዳ እያባረራችሁ እንዳላይ። ከሥጋ ቤት ወይም ከገበያ የመጣ ላባና ፀጉር በሳሙና አጥባችሁ ካላደረቃችሁት ይሸታል፣ ብልም ይበላዋል።

ማጣበቂያው አይደርቅም፣ ወይም ነጭ ይሆናል

በክረምት ደሴ ላይ ጉም ሲወርድ ከላይ የምንቀባው የጥፍር ቀለም ሌሊቱን ሙሉ እንደ ማር ሆኖ ያድራል፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ያዘገዩታል። ሱፐር ግሉ ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚይዘው በእርጥበት ስለሆነ ይፈጥናል፣ ብዙ ካፈሰሳችሁትም ነጭ አመድ ይለብሳል። ከሥር ሱፐር ግሉ፣ ከላይ የጥፍር ቀለም፤ ለማድረቅም ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ መሄድ አያስፈልግም፣ ሁለት ቀን መታገሥ ይበቃል።

ሲወረወር ጀርባ ይመታል

ለመወርወሪያ ዘንጋችሁ ከብዷል፣ ወይም በችኮላ ትወረውራላችሁ። ወደ ኋላ ሲሄድ መስመሩ እስኪዘረጋ ጠብቁ፣ ዙሩንም ሰፋ አድርጉት። መነጽርና ኮፍያ ሳታደርጉ ዳምቤል ያለው ስትሪመር አትወርውሩ። ጆሮው ላይ የተሰካበትን ሰው ከሐይቅ ወደ ደሴ ይዤ መጥቻለሁ፤ መንገዱን ሙሉ እንዲሁ አንጠልጥሎ ነው የመጣው። ዓይን ቢሆንስ?

ቁጥር 16 መንጠቆ ገዝታችሁ ዳምቤሉ ከመንጠቆው በለጠ? ቁጥሩ ሲያድግ መንጠቆው ያንሳል። 4 ወይም 6፣ ዘንጉ ረዥም የሆነውን ግዙ።

ዳምቤሉ ላይ እንደ ዓይን የተቀባው ቀለም ተላጠ፦ አሳው ግድ የለውም።

ጭንቅላቱን ሽቅብ አድርጎ ይሰምጣል፦ ክብደቱ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ፍቱና ወደ ፊት አምጡት።