ማንቲስን ቤት ውስጥ ማሳደግ፦ ዋናው ነገር ክዳኑ ነው

ማንቲስን ሳታዩ አትቀሩም። ፌንጣ ትመስላለች፤ ግን የፊት እግሮቿን አጥፋ ስትቆም ጸሎት ላይ ያለች ነው የምትመስለው። አንገቷን ዞር አድርጋ ታያችኋለች። እኔ የመጀመሪያዋን ያገኘኋት መስከረም ላይ፣ ግቢያችን ያለው ጽጌረዳ ላይ ነው። መርዝ የላትም። ሆዷን ይዛችሁ እንዳታነሷት። እጃችሁን ከፊቷ ዘርጉላት፣ ራሷ ትወጣበታለች።

ለቤቷ ከእሷ ርዝመት ሦስት እጥፍ ከፍታ፣ ሁለት እጥፍ ስፋት ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል። ከታች ሶፍት አንጥፉ፣ አንድ ሁለት ደረቅ እንጨት አቁሙበት። ለመስታወት ሣጥን ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ክዳኑ ግን ሌላ ነገር ነው። ማንቲስ እስክትጎለምስ ድረስ እንደ ዝርያዋ ከ5 እስከ 10 ጊዜ ያህል ቆዳዋን ትቀይራለች። ያን ጊዜ ጣራው ላይ ቁልቁል ተንጠልጥላ ከአሮጌው ቆዳ ቀስ እያለች ትወጣለች። አዲሱ ገላዋ እስኪደርቅ ለስላሳ ነው። ጥፍሯ የሚይዘው ካጣ ትወድቃለች። ከወደቀች እግሯ እንደተጣመመ ይደርቃል።

እኔ ይህን ሳላውቅ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ አስገባኋት። የቆርቆሮ ክዳኑን በምስማር በሳሳሁት፤ አየር ካገኘች በቃ ብዬ። ክዳኑ ሙልጭ ያለ ነበር። አንድ ጠዋት ከታች ወድቃ፣ ግማሹ ቆዳ ላይዋ ላይ ተጣብቆ አገኘኋት። የፊት እግሮቿ ተጣመው ቀሩ። ዝንብ መያዝ አልቻለችም። በወረንጦ ላጎርሳት ሞከርኩ፤ በአራተኛው ቀን ሞተች። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ የክዳኑን መሐል በምላጭ ቆርጣችሁ አውጡና የሻሽ ቁራጭ ወጥራችሁ በላስቲክ እሰሩበት። ሻሹን ቆንጥጣ ትይዘዋለች። የወባ አጎበር ግን እንዳትሞክሩ። ነፍሳት የሚገድል መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ እሷንም ይገድላታል።

መብላት ትታ ከላይ ተንጠልጥላ ከዋለች ቆዳዋን የምትቀይርበት ቀን ደርሷል ማለት ነው። የተረፈውን ዝንብ አውጡ፣ ዕቃውን አትነካኩ። ከቀየረች በኋላም አንድ ቀን ሙሉ ምግብ አትስጧት።

የምትበላው በሕይወት ያለና የሚንቀሳቀስ ነገር ብቻ ነው። ለትንሿ ሙዝ ልጣጭ ላይ የሚሰበሰቡት ደቃቅ ዝንቦች፣ ለትልቋ የቤት ዝንብና ፌንጣ። ትልቋን በ2 ቀን አንዴ መመገብ ይበቃል። ፍሊት ከተነፋበት ቤት የተያዘ ዝንብ እንዳትሰጧት። ውሃ በሳህን አያስፈልጋትም፤ ግድግዳውን በመርጫ አርጥቡላት፣ ጠብታውን ትጠጣለች። ማታ ዓይኗ ቢጠቁር አትደንግጡ። በጨለማ እንዲህ ነው።

ሁለት ማንቲስ አንድ ላይ አታኑሩ፣ ይበላላሉ። ሴቷ ከጎለመሰች በኋላ ደረቅ አረፋ የመሰለ የእንቁላል ከረጢት እንጨቱ ላይ ልትለጥፍ ትችላለች። ከመያዟ በፊት ከወንድ ጋር ተገናኝታ ከነበረ ከዚያ ከረጢት ከመቶ በላይ ልጆች ሊወጡ ይችላሉ፤ የሻሹ ቀዳዳ ጠባብ ይሁን። አንድ ሁለቱን ለየብቻ አስቀሩና ሌሎቹን እናታቸውን ያገኛችሁበት ቁጥቋጦ ላይ ልቀቁ።