115፣ 124 ወይስ 147? የጥይት ክብደትና የውድድር ሽጉጥ ችግሮች

በ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ መወዳደር የጀመረ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። የትኛውን ጥይት ልግዛ? በሱቅ በብዛት የሚገኙት ሦስት ዓይነት ናቸው፦ 115፣ 124 እና 147 ግሬን። ቁጥሩ የሚናገረው የአረሩን ክብደት ብቻ ነው። ቀለሁና ባሩዱ አይቆጠሩም። 115 ግሬን ወደ 7.5 ግራም ይጠጋል፤ 147 ደግሞ ወደ 9.5 ግራም።

አሜሪካ ውስጥ በዩኤስፒኤስኤ (የአሜሪካ የተግባር ተኩስ ማኅበር) ውድድሮች አካባቢ ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ «147 ግዛ፣ ለስላሳ ነው» የሚል ነው። እውነትነት አለው። ግን ብዙ ተኳሽ ችግሩ ከየት እንደመጣ ሳያጣራ ጥይት ይቀይራል፤ ገንዘቡ ይወጣል፣ ችግሩ ይቀራል። ስለዚህ ከምልክቱ እንነሳ።

ከዚያ በፊት አንድ ስሌት መያዝ አለብን። የአረሩን ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱን በጫማ በሰከንድ ወስዳችሁ አባዙና ለ1000 አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር ፓወር ፋክተር ይባላል። በዩኤስፒኤስኤም ሆነ በዓለም አቀፉ የተግባር ተኩስ ኮንፌዴሬሽን በአይፒኤስሲ የማይነር (የዝቅተኛው የጉልበት ደረጃ) መነሻ ልክ 125 ነው። እንደ ካሪ ኦፕቲክስ (ቀይ ነጥብ የምታሳይ የመስታወት ማነጣጠሪያ ያለው ሽጉጥ ምድብ) ባሉ ምድቦች ሁሉም ሰው ነጥቡ የሚቆጠረው በማይነር ስለሆነ ከ125 በላይ በጣም ማለፍ ምንም ጥቅም የለውም። ትርፉ እርግጫ ብቻ ነው።

ምልክት፦ ቀይዋ ነጥብ ከመስታወቱ ትወጣለች፣ ሁለተኛው ጥይት ይዘገያል

ብዙ ሰው ወደ ከባድ አረር የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ግን የያዛችሁትን ጥይት ፓወር ፋክተር አስሉ። አንድ 115 ግሬን ጥይት በ1180 ጫማ በሰከንድ ቢወጣ 135.7 ይሆናል። አንድ 147 ግሬን በ890 ቢወጣ 130.8 ነው። ሁለቱን ተኩሳችሁ «ከባዱ ይሻላል» ብትሉ ትክክል ናችሁ። ነገር ግን ከልዩነቱ ከፊሉን ያመጣው ክብደቱ ሳይሆን ሁለተኛው ጥይት ጉልበቱ ያነሰ መሆኑ ነው። ይህን የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው፤ ለእኔ ግን የጉዳዩ እምብርት ይኸው ነው።

ፓወር ፋክተሩ እኩል ከሆነስ? ያኔም ልዩነት አለ፣ ግን ከሚወራው ያነሰ ነው። ቀላል አረር እዚያው ልክ ለመድረስ በፍጥነት መውጣት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ባሩድ ይፈልጋል። የተቃጠለው ባሩድ ጋዝ ሆኖ በአፈሙዙ ሲወጣ እሱም ሽጉጡን ወደኋላ ይገፋል። ፓወር ፋክተር ይህን ግፊት አይቆጥረውም። ስለዚህ 147 በእርግጥም ትንሽ ይለሰልሳል። ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት ግን በጊዜው ላይ ነው። በ115 ስላይዱ (በርሜሉ ላይ ወደኋላና ወደፊት የሚንሸራተተው የሽጉጡ ክፍል) ፈጥኖ ይሄዳል፣ ፈጥኖ ይመለሳል፤ እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁ አጭርና ስለታም ምት ነው። በ147 እንቅስቃሴው ይረዝማል፤ ሽጉጡ ገፋ አድርጎ ይለቃችኋል።

የትኛው ይሻላል? ለሁሉም የሚሆን መልስ የለም። አንዳንድ ሰው ፈጣኑን ይወዳል፤ ነጥቧ ቶሎ ስለምትመለስለት። ሌላው በዝግታው ይረጋጋል። ስሜት ደግሞ ያታልላል፤ ለስላሳ የተሰማችሁ ጥይት በሰዓት ሲለካ ዘገምተኛ ሊሆን ይችላል።

መፍትሄው መለካት ነው። ፓወር ፋክተራቸው የተቀራረበ የ124 እና የ147 ጥይት አንዳንድ ፓኮ ግዙ። በ10 ሜትር ላይ በሁለት በሁለት ተኩሱ። በአንደኛውና በሁለተኛው ተኩስ መካከል ያለውን ጊዜ በተኩስ ሰዓት መዝግቡ፣ የተመቱትን ቀዳዳዎችም እዩ። ካዝናዎቹን ሌላ ሰው ቢሞላላችሁና የትኛው የትኛው እንደሆነ ባይነግራችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። በሁለቱም ነጥቧ በየጊዜው ወደ ሌላ አቅጣጫ የምትሸሽ ከሆነ ጥፋቱ የጥይቱ አይደለም፤ የአያያዛችሁ ነው። ግራ እጃችሁ ላይ ሥሩ (ቀኝ እጃችሁ ቀዳሚ ከሆነ)። ምንም ዓይነት አረር ላላ ያለ አያያዝን አይጠግንም።

ምልክት፦ ነጥቧ ከተኩሱ በኋላ ከኢላማው በታች ጠልቃ ትመለሳለች

ስላይዱ ሲዘጋ አፈሙዙን ወደታች እየነቀነቀው ነው። ለያዛችሁት ጥይት ስላይዱን የሚመልሰው ሞላ (ስፕሪንጉ) ጠንክሮ ሊሆን ይችላል። በዝግታ የሚሠራ 147 ከፋብሪካው ጠንካራ ሞላ ጋር ሲገናኝ ይህ ይታያል። አንድ ደረጃ የላላ ሞላ ሞክሩ፣ ግን የምድባችሁ ሕግ መፍቀዱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ሌላው ምክንያት እርግጫውን ቀድማችሁ በእጃችሁ መጫናችሁ ነው። ከፈጣን ጥይት ወደ ዝግተኛ ስትሄዱ እጃችሁ የለመደው በድሮው ጊዜ ስለሆነ ይህ ለጥቂት ልምምዶች ይጠበቃል። ሞላ ከመቀየራችሁ በፊት ለእጃችሁ ጊዜ ስጡት።

ምልክት፦ ጥይት ቀየርኩ፣ አሁን ከፍ ብሎ ይመታል

ሽጉጡ አልተበላሸም። ዝግተኛው ከባድ አረር በበርሜሉ ውስጥ ትንሽ ይቆያል። እርግጫው የሚጀምረው አረሩ ገና በርሜል ውስጥ እያለ ስለሆነ አረሩ እስኪወጣ ድረስ አፈሙዙ ከፍ ይላል። በቅርብ ርቀት ከባዱ ከፍ፣ ቀላሉ ዝቅ ብሎ የሚመታው በዚህ ነው። መፍትሄው ማነጣጠሪያውን በውድድሩ ጥይት ማስተካከል ነው። በርካሹ 115 ተለማምዶ በ147 መወዳደር ገንዘብ ይቆጥባል፤ ለቅርብ ልምምድም ክፋት የለውም። በ25 ሜትር ትንሽ ብረት ላይ ስትተኩሱ ግን ልዩነቱ ይታያል።

ምልክት፦ ፖፐሩን (ሲመታ የሚወድቀውን የብረት ኢላማ) መታሁት፣ አልወደቀም

«ከባድ ጥይት ብረት ይጥላል» የሚለው አባባል በጣም ተስፋፍቷል። ብረቱን የሚገፋው ግን ክብደትና ፍጥነት አንድ ላይ ሆነው ነው፤ ይህ ደግሞ ፓወር ፋክተር ራሱ ነው። 130 የሆነ 115 እና 130 የሆነ 147 ብረቱን የሚገፉት በእኩል ጉልበት ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዝቅ ብሎ መመታቱ ነው። የላይኛውን ክብ ምቱ። በትክክለኛው ቦታ ተመትቶ ካልወደቀ ደግሞ መብታችሁን ተጠቀሙ፦ ሳትነኩት ተዉትና ብረቱ በደንቡ መሠረት እንዲፈተሽ ጠይቁ። ደግማችሁ ተኩሳችሁ ከጣላችሁት ግን መብቱ ያበቃል።

ምልክት፦ ክሮኖግራፉ (የአረር ፍጥነት መለኪያው) ላይ ወደቅሁ

ይህ በ147 በኩል በብዛት የሚመጣ ጣጣ ነው። 125 ለመድረስ 115 ግሬን 1087 ጫማ በሰከንድ ያስፈልገዋል፤ 124 ግሬን 1009፤ 147 ግሬን 851። የፋብሪካ 115 እና 124 አብዛኞቹ ይህን በሰፊው ያልፋሉ። ለውድድር ተብሎ የተለሰለሰ 147 ግን ጠርዙ ላይ ሊሆን ይችላል። 147 ግሬን በ850 ቢወጣ 124.95 ነው፤ ይህ ቁጥር ደግሞ ወደ 125 አይጠጋጋም። ወድቃችኋል። ውድድሩን መጨረስ ይፈቀድላችኋል፣ ነጥቡ ግን አይያዝላችሁም።

ምክንያቶቹ ሁለት ሦስት ናቸው። ፓኮው ላይ የተጻፈው ፍጥነት ከእናንተ በረዘመ በርሜል የተለካ ይሆናል። ቀኑ ቀዝቃዛ ሆኖ ባሩዱ ይደክማል። ወይም አረሩ ተነቅሎ ሲመዘን 147 ሳይሆን 146 ይሆናል፤ ዳኞቹ የሚያሰሉት በተመዘነው ነው። መፍትሄው በራሳችሁ ሽጉጥ አስቀድሞ መለካትና ከ128 እስከ 132 ባለው መካከል መቆየት ነው። ሁለት ነጥብ ለማለስለስ ብሎ የሙሉ ቀን ድካምን ማጣት አይገባም።

ጥይት ራሳችሁ የምትሞሉ ከሆነ ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ለ115 የተሰጠውን የባሩድ መጠን በ147 አረር ላይ እንዳታስገቡ። ከባድ አረር ግፊቱን ያንረዋል። ለየክብደቱ ከታተመ መመሪያ ብቻ ሥሩ፤ ከዝቅተኛው ጀምሩ።

ምልክት፦ ቀለሁ አይወጣም፣ ስላይዱ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም

ቀለሁ በመውጫው ከተቀረቀረ ለጥይቱ ሞላው ጠንክሯል፣ ወይም ጥይቱ ደክሟል። ስላይዱ ሳይዘጋ የሚቀር ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። 147 አረር ረጅም ነው። እንደ ሲዜድ ባሉ አንዳንድ ሽጉጦች ደግሞ የበርሜሉ ጠመዝማዛ ቦይ ከጥይቱ ማረፊያ ቀረብ ብሎ ይጀምራል፤ ጫፈ ጠፍጣፋ አረር እዚያ ላይ ይነክሳል። ሽጉጡን ባዶ መሆኑን አረጋግጣችሁ ፍቱና በርሜሉን ብቻ ያዙ። ጥይቱን ጣል ስታደርጉት «ጧ» ብሎ መግባት፣ በነፃነት መሽከርከር፣ ሲገለበጥም በራሱ መውደቅ አለበት። ካልሆነ ያ ጥይት ለዚያ በርሜል አይሆንም።

አንድ ጥይት ደከም ያለ ድምፅ ካሰማ ግን ሌላ ምርመራ የለም፤ ወዲያው አቁሙ። አረሩ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ከሆነ ቀጣዩ ጥይት ሽጉጡን ሊያፈነዳው ይችላል።

ምልክት፦ ወረቀቱ ላይ ቀዳዳው ሞላላ ነው

አረሩ እየተገለባበጠ ነው የሚደርሰው። የተለመደው የ9 ሚሊሜትር በርሜል 147ን በደንብ ያሽከረክራል፤ ስለዚህ ክብደቱን ከመውቀስ በፊት በርሜሉን ከተጠራቀመ እርሳስ አጽዱ። ጥይቱ በቤት የተሞላ ከሆነ የቀለሁ አፍ አረሩን ከልክ በላይ ጨምቆ አሳንሶት እንደሆነ እዩ።

ምልክት፦ ኮምፔንሴተሬ ምንም አልሠራ አለ

ኮምፔንሴተር አፈሙዝ ላይ ተገጥሞ የሽጉጡን መነሳት የሚቀንስ ዕቃ ነው፤ የሚሠራውም በጋዝ ነው። 147 አረር ደግሞ በጥቂት ባሩድ ስለሚሄድ የሚሰጠው ጋዝ ያንሳል። ኮምፔንሴተር በሚፈቀድበት በኦፕን ምድብ 115 እና 124 ብዙ ተኳሽ የሚመርጠው ለዚህ ነው። እዚያ ቀላሉን ያዙ። ኮምፔንሴተር በሌለው ተራ ሽጉጥ ለጀመረ ሰው ግን የእኔ ምርጫ 124 ነው፦ ክሮኖግራፉን በምቾት ያልፋል፣ በፋብሪካው ሞላ በደንብ ይሠራል፣ ዋጋውም ከ147 ብዙ ጊዜ ይቀላል።