ከምሳ በኋላ የሚጥለው ድካም እንዴት ለቀቀ

ችግሩ፦ ጠዋት ደህና ይኮናል፤ 8 ሰዓት ሲሆን ዓይን ይከደናል፣ ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ቡና መጨመር አባሰው።

ዋናው ምክንያት የቡናው ሰዓት ነው። ከጠጡት ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ 11 ሰዓት ላይ አቦልና ቶና የጠጣ ሰው ማታ 4 ሰዓት ላይም ግማሹን ተሸክሞ ይተኛል። የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 7 ሰዓት አይለፍ። ጎረቤት ለቡና ሲጠራ መቅረት አያስፈልግም፤ ፈንዲሻውን እየቆረጠሙ መጫወት ይቻላል። ሌላም አለ፦ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ የምስሩና የሽሮው ብረት (ሲያንስ ድካም የሚያመጣው ማዕድን) በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ። ከማዕድ 1 ሰዓት ያህል ይራቁ፤ ገበታው ላይ ቃሪያ ወይም ሎሚ ይጨመር፣ ቫይታሚን ሲው ብረቱን ያስመጥጣል።

ለእንቅልፍ የሚነሱበትን ሰዓት አንድ ማድረግ ከሁሉ ይበልጣል። እሑድ ለቅዳሴ ሌሊት የሚነሳ ቅዳሜ ቀደም ብሎ ይተኛ፤ ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልጋል።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል በጣና ዳር 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መሄድ፣ በሳምንት 5 ቀን። የማለዳው ብርሃን ራሱ የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል፤ ሐይቁ ዳር የሚኖር ይህን በነጻ አግኝቶ ባይተወው ጥሩ ነው።

በመጋቢትና ሚያዝያ ሙቀት ሽንት ከጠቆረ ውሃ አንሷል ማለት ነው፤ የውሃ ማነስም ያደክማል።

በ3 ሳምንት ለውጥ ከሌለ ጤና ጣቢያ ሄዶ የደም ማነስ፣ የወባና የስኳር ምርመራ ይደረግ። ሐይቁ ውስጥ የሚዋኝ ወይም ዓሣ የሚያጠምድ ሰው የቢልሃርዚያ (ከሐይቅ ውሃ የሚይዝ የትል በሽታ) ምርመራም ይጠይቅ።