ሪያሊቲ ሾው ስታዩ የቱ የእውነት የቱ የተሰራ እንደሆነ እንዴት ትለያላችሁ

ሪያሊቲ ሾው (በተዋናይ ፈንታ ሰዎች ራሳቸውን ሆነው የሚታዩበት የቲቪ ፕሮግራም) እውነት ነው ወይስ ውሸት የሚለው ክርክር ሁሌ ይነሳል፣ ሁሌም በሁለት ጎራ ነው የሚያልቀው። አንዱ "ሁሉም ስክሪፕት ነው ባክህ" ይላል፣ ሌላው ደግሞ "ያለቀሰችው እኮ የእውነት ነው፣ እንባ በስክሪፕት ይመጣል እንዴ" ይላል። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ልክ ናቸው። የኔ ስራ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው፣ ሪያሊቲ ሾው ሰርቼ አላውቅም ግን የሰው ኢንተርቪው ስቆርጥ ነው የምውለው፣ እና ኤዲተር ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ለሚያየው ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ቃሉ የሰዎቹ የራሳቸው ነው፣ ንዴቱም ለቅሶውም የራሳቸው ነው፣ የሚሰራው ቅደም ተከተሉ ነው። ማን ከማን በፊት ተናገረ፣ ማን ምን ሰምቶ ፊቱን አጨፈገገ፣ በመሀል ስንት ሰዓት ወይ ስንት ቀን አለፈ፣ እሱ ነው ኤዲቲንግ ላይ የሚፈጠረው። ስለዚህ ስታዩ "ይሄ ሰውዬ እየተወነ ነው?" ብላችሁ አትጀምሩ፣ "ይሄ ነገር በርግጥ በዚህ ሰዓት ነው የሆነው?" በሉ።

መጀመሪያ በጆሮ ጀምሩ፣ ምክንያቱም ትልቁ ስራ የሚሰራው ድምፁ ላይ ነው፣ ሰው ግን ልቡ ያለው ምስሉ ላይ ነው። ሙያው ውስጥ ያሉት ፍራንከንባይት የሚሉት ነገር አለ፣ አንድ ሰው በተለያየ ሰዓት ወይ በተለያየ ቀን ያወራቸውን ቁርጥራጮች ገጣጥሞ አንድ አረፍተ ነገር ማስመሰል ማለት ነው። ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ላሳያችሁ። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ስለ ስራ ሸሪኩ የሚያወራበትን ኢንተርቪው እየቆረጥኩ ነበር፣ ሰውየው ያለው "መጀመሪያ ላይ እሱን አላምነውም ነበር፣ አሁን ግን ከወንድሜ በላይ ነው" ነው። ዝም ብዬ ለሙከራ ከፊት "መጀመሪያ ላይ" የሚለውን አነሳሁ፣ ከኋላ ደግሞ ከ"ነበር" ጀምሮ ቆረጥኩት፣ የቀረው "እሱን አላምነውም" ሆነ። በቃ። አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀብኝም፣ ያልተናገረው አንድ ቃል የለበትም፣ ግን የሚወደውን ሰው በአደባባይ ያዋረደ ነው የሚመስለው። ደግሜ ስሰማው ደነገጥኩ፣ ወዲያው አጠፋሁት።

ግን ያኔ አንድ ነገር አስተዋልኩ፣ እናንተም ልታስተውሉት ትችላላችሁ። ሰው አረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል፣ ገና የሚቀጥል ነገር ካለው ግን ድምፁ እንደተንጠለጠለ ይቆያል። የኔ ቁራጭ ላይ "አላምነውም" የሚለው አልወረደም፣ ተንጠልጥሎ ነው የቀረው። ሪያሊቲ ሾው ላይ አንድ ሰው ከባድ ነገር ተናግሮ ድምፁ ሳይወርድ ከተቋረጠ እዛ ጋ የተቆረጠ ነገር አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። ሌላው፣ ያንን ከባድ ነገር ሲናገር አፉ ይታያል ወይ? ሲጀምር ፊቱ ይታይና ዋናዋ ቃል ላይ ሲደርስ ካሜራው ወደ ጀርባው፣ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ቤቱ ደጃፍ፣ ወደ ሌላ ሰው ፊት ከሄደ አፉ የተደበቀበት ምክንያት ይኖራል። ከኋላ ያለውን ድምፅም ስሙ፣ የመኪና ድምፅ፣ የወፍ ጫጫታ፣ የፍሪጅ ጉምጉምታ መሀል ላይ ድንገት ከተቀየረ ሁለት ቦታ የተቀረፀ ድምፅ ነው የተቀጠለው። ጆሮ ላይ የሚደረግ ሄድፎን ካላችሁ በጣም ይለያል።

ከድምፅ ቀጥሎ ፊት ነው። አንዷ የሆነ ነገር ትናገራለች፣ ወዲያው ሌላዋ አይኗን ስታጉረጠርጥ ይታያል፣ እኛም "አየሽ እንዴት እንደጠላቻት" እንላለን። ያቺ ግን አይኗን ያጉረጠረጠችው ከሁለት ሰዓት በፊት ስለ ምሳው ሲወራ ሊሆን ይችላል። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ ከ100 ዓመት በፊት ገደማ ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል የሩሲያ የፊልም ሰው የአንድ ተዋናይን ያው አንድ ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሳጥን ጋር እያደረገ ሲያሳይ ተመልካቹ አንዴ ረሀብ አንዴ ሀዘን ያየ መሰለው ይባላል፣ ፊቱ ግን ምንም አልተቀየረም። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምፅፈው።) በ2007 ደግሞ በንግስት ኤልሳቤጥ ላይ ሆነ። ቢቢሲ ሊያሳየው የነበረ ዶክመንተሪ ማስተዋወቂያ ላይ ንግስቲቱ ከፎቶግራፈሯ ከአኒ ሊቦቪትዝ ጋር ተነጋግረው ተቆጥተው ጥለው የወጡ የሚያስመስል ነገር ታየ፣ በኋላ ሲጣራ በንዴት ሲራመዱ የሚታዩት ወደ ፎቶው ክፍል እየገቡ እያለ ነው፣ ማለትም ከንግግሩ በፊት የነበረው ከኋላ ነው የተቀጠለው። ሁለት ቁራጭ ቦታ ተለዋወጠ፣ የቢቢሲ ዋን ኃላፊ የነበሩት ፒተር ፊንቻም በዚሁ ጉዳይ በዛው ዓመት ከስራቸው ለቀቁ። ንግስት ላይ የሚደረግ ከሆነ ኮንትራት ፈርሞ በገባ ተራ ተሳታፊ ላይማ አስቡት።

ስለዚህ የተቀየመ ወይ የደነገጠ ፊት ባያችሁ ቁጥር ፖዝ አድርጉና ዙሪያውን እዩ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው መጠጥ ቅድም ግማሽ ነበር አሁን ሙሉ ነው? ፀጉሯ ከጆሮዋ ኋላ ነበር አሁን ፊቷ ላይ ነው? ጥላው በየት በኩል ወድቋል? አጠገቧ ቁጭ ያለው ሰው የት ሄደ? ከዛ ሙዚቃውን ለማጥፋት ትዕይንቱን አንዴ ያለ ድምፅ እዩት፣ በጣም ብዙ "የሚያስፈራ ዝምታ" ያለ ሙዚቃው ሲታይ ሰዎች ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነው።

ሶስተኛው የምወደው ጥያቄ ካሜራው የት ነው ያለው የሚለው ነው። በር ይንኳኳል፣ ባለቤቱ "ውይ ማን መጣ!" ብሎ ይከፍታል፣ እንግዳው ከውጭ ሲመጣም ተቀርጿል፣ ከውስጥ ሲገባም ተቀርጿል፣ ሸሚዙ ላይም ማይክ አለው። ማይኩን ማን አደረገለት? ከመምጣቱ በፊት ነው የተደረገለት፣ ስለዚህ ባለቤቱ ባያውቅ እንኳን ፕሮዲዩሰሮቹ ያውቃሉ። እዛው ላይ ደግሞ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሰዎች በሁለቱም አቅጣጫ ከቅርብ ታይተው አንደኛው ካሜራ በሌላኛው ውስጥ ካልታየ ሁለት ጊዜ ተነጋግረዋል ማለት ሊሆን ይችላል (ሁሌ አይደለም፣ የተደበቀ ወይ ከሩቅ የሚስብ ካሜራ ካለ ይቻላል)። ሰዎች ከከተማ ርቀው እየኖሩ የሚወዳደሩበትን ሰርቫይቨርን የሰራው ማርክ በርኔት በ2001 ራሱ ተናግሯል፣ የውሃ ዋና ውድድርን የመሰሉ አንዳንድ ትዕይንቶች ካሜራ ማኖቹ ሳይታዩ ከላይ እንዲቀረፁ ተሳታፊዎቹን በሚመስሉ ሌሎች ሰዎች ደግመው ሰርተዋቸዋል። የውድድሩ ውጤት አልተነካም ነው ያለው፣ ግን ያየነው ዋናተኛ ሌላ ሰው ነበር። በረሃ ላይ ብቻውን ተርፎ የሚወጣው ቤር ግሪልስም በ2007 አንዳንዱን ሌሊት ሆቴል ያድር እንደነበር ታውቆ ከዛ በኋላ ፕሮግራሙ ላይ ማሳሰቢያ ተጨመረበት።

ቤት የሚገዙ ሰዎችን የሚያሳየው ሀውስ ሀንተርስ ደግሞ ከሁሉም የገረመኝ ነው፣ በ2012 አንዲት ተሳታፊ እንዳወጣችው ቤቱን ገዝተው ከጨረሱ በኋላ ነው የተቀረፁት፣ "ከሶስቱ የቱን እንምረጥ" እያሉ ከጎበኟቸው ውስጥ ለሽያጭ ያልቀረበ የጓደኞቻቸው ቤት ነበረበት። እና እዚህ ላይ ዘዴው ምንድነው፣ ሰዎቹ የሚወስኑት ውሳኔ በእውነተኛ ህይወት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አስቡና ከቀረፃው ጋር አስተያዩት። ቤት መግዛት ወራት ይፈጃል፣ ቀረፃ ግን ቀናት ነው፣ ስለዚህ ወይ ከፊት ወይ ከኋላ ያለው ነገር ተዘጋጅቷል።

ብቻቸውን ካሜራ ፊት ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ክፍል ላይም ጊዜውን ጠርጥሩ። "አሁን በጣም ተናድጃለሁ" ይላል ሰውየው፣ ግን ኢንተርቪው የተደረገው ከቀናት በኋላ ሊሆን ይችላል፣ አሁን እየሆነ እንደሆነ አድርገህ አውራ ይባላሉ፣ ጥያቄውንም በመልሱ ውስጥ ደግመው እንዲናገሩ ይደረጋል ምክንያቱም የጠያቂው ድምፅ ይቆረጣል። ጥያቄው ሲጠፋ ደግሞ ሰውየው ሳይጠየቅ ዝም ብሎ ሰው ያማ ነው የሚመስለው፣ ይሄ በጣም ያበሳጨኛል። "እገሊትን ትጠረጥራታለህ?" ተብሎ ሶስቴ ተጠይቆ በአራተኛው "እሺ እገሊትን ትንሽ እጠረጥራታለሁ" ያለውን ሰው እኛ ነገረኛ ብለነው እናድራለን።

ምን ያህል እንደሚጣልም አስቡ። በዚህ ዘርፍ የመጀመሪያው ከሚባሉት አንዱ በ1973 በአሜሪካ የታየ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው፣ ወደ 300 ሰዓት ተቀርፆ 12 ክፍል ወጣው፣ ማለትም ለአንድ ሰዓት 25 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ያኔ በፊልም ነበር፣ ፊልም ደግሞ ውድ ነው። በ1999 ሆላንድ ውስጥ ሰዎች አንድ ቤት ተዘግተው የሚኖሩበት ቢግ ብራዘር ሲጀመር ግን ቤት ሙሉ ካሜራ 24 ሰዓት ነው የሚቀርፀው። ከዛ ሁሉ ውስጥ የሆነ ሰው ማን ሆኖ እንደሚቀርብ የሚመርጥ ሰው አለ፣ እሱን ለማወቅ መጨረሻ ላይ የሚያልፉትን ስሞች አንብቡ። ፀሐፊ የሚል ብዙ ጊዜ አታገኙም፣ ስቶሪ ፕሮዲዩሰር ወይ ስቶሪ ኤዲተር የሚል ግን ይኖራል። በ2006 አሜሪካስ ኔክስት ቶፕ ሞዴል የሚባለው የሞዴሎች ውድድር ላይ እነዚህ ሰራተኞች እኛ የምንሰራው የፀሐፊ ስራ ነው፣ እንደ ፀሐፊ ይቆጠርልን ብለው የስራ ማቆም አድማ መተዋል። ማሳሰቢያም ካለ አንብቡት፣ የእንግሊዙ ዘ ኦንሊ ዌይ ኢዝ ኤሴክስ ለምሳሌ ሰዎቹ እውነተኛ ናቸው አንዳንዱ ትዕይንት ግን ለመዝናኛ የተዘጋጀ ነው ብሎ በግልፅ ይናገራል፣ ይሄን አከብርለታለሁ።

ሽልማት ያለበት ውድድር ሲሆን ትንሽ ይለያል። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ የጥያቄና መልስ ፕሮግራሞች መልሱን አስቀድመው ለተወዳዳሪ ይሰጡ ነበር፣ ቻርልስ ቫን ዶረን የሚባለው ታዋቂ አሸናፊ በ1959 ኮንግረስ ፊት ቀርቦ አመነ፣ በ1960 ህግ ወጣ፣ ተመልካችን ለማታለል ብሎ የእውቀት ወይ የችሎታ ውድድርን ውጤት ማጭበርበር ወንጀል ሆነ። ስለዚህ እዛ አገር የውድድሩ ውጤት ከጓደኝነቱና ከጠቡ ታሪክ ይልቅ የተሻለ ይታመናል። የተመልካች ድምፅ ግን ሌላ ነው፣ ቁጥር ካወጡ ቁጥሩን ደምሩ ቀንሱ። ደቡብ ኮሪያ በ2019 ተመልካች በድምፁ የዘፋኝ ቡድን አባላትን የሚመርጥበት ፕሮዲዩስ ኤክስ 101 ሲያልቅ ተመልካቾች ናቸው ያገኙት፣ በተለያዩ ተወዳዳሪዎች መሀል ያለው የድምፅ ልዩነት ያው 29,978 እየሆነ ሲደጋገም አዩ፣ ነገሩ ፖሊስ ጋ ሄደ፣ ፕሮዲዩሰሩ አን ጁን ዮንግ በ2020 ሁለት ዓመት እስር ተፈረደበት። ካልኩሌተር የያዘ ተመልካች ነው ያጋለጠው።

ይሄን ሁሉ ስል ግን ስሜቱ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፣ እንደውም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሰውን ስልኩን ወስደህ፣ ከቤተሰብ ለይተህ፣ እንቅልፍ አሳጥተህ፣ መጠጥ እያቀረብክለት ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ብትዘጋው የሚወጣው ንዴት የእውነት ንዴት ነው፣ ሁኔታው ነው የተሰራው። ሰዎች ሳይተያዩ የሚጫጩበት ላቭ ኢዝ ብላይንድ ላይ የነበረ ተሳታፊ በ2022 ምግብና ውሃ በበቂ አናገኝም ነበር መጠጥ ግን እንደ ልብ ነበር ብሎ ከሷል። እና አንድ ሰው ሲጮህ ስታዩ ከመፍረዳችሁ በፊት በትዕይንቱ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ምን በልቶ እንደሆነ፣ ከእጁ ላይ ምን እንዳለ ፈልጉ። በ2020 ጃፓን ውስጥ ወጣቶች አንድ ቤት አብረው የሚኖሩበት ቴራስ ሀውስ ላይ የነበረችው ሀና ኪሙራ፣ የትግል ስፖርተኛ ነበረች፣ አንድ ኤፒሶድ ላይ በተናደደችው ንዴት ምክንያት የስድብ መዓት ወርዶባት በ22 ዓመቷ ህይወቷ አልፏል። ያ ሁሉ ሰው የፈረደው በተቆረጠ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ልምምድ ማድረግ ለምትፈልጉ፣ ሁለት ደቂቃ የሚሆን የጠብ ትዕይንት ምረጡና ሶስቴ እዩት፣ አንዴ እንዳለ፣ አንዴ ያለ ድምፅ፣ አንዴ አይናችሁን ጨፍናችሁ። ሶስተኛው ላይ ቁርጦቹ ይሰማሉ። ጎበዝ ኤዲተር ከሰራው ግን ምንም ላይገኝ ይችላል፣ እኔም ራሴ ብዙ ያመልጠኛል። ለዛ የሚሻለው ጥሬውን ማግኘት ነው፣ የአሜሪካው ቢግ ብራዘር የቤቱን ካሜራ በላይቭ ለተመዝጋቢ ያሳያል፣ ስለዚህ ላይቩን እያያችሁ ሰዓቱንና ማን ምን እንዳለ ወረቀት ላይ ፃፉ፣ ላይቩ የተቋረጠበትንም ሰዓት ጭምር፣ ከዛ ኤፒሶዱ ሲወጣ ያቺ ንግግር የት ጋ እንደገባች፣ ከማን ፊት ጋር እንደተቀጠለች፣ ከፊቷና ከኋላዋ ምን እንደተቆረጠ ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩት።